ድንጋዩ ከመገዛቱ በፊት፦ የዘማቾች መታሰቢያ ለሚያሠሩ ትንንሽ ከተሞች ግልጽ ደብዳቤ

ለዘማቾቻችሁ መታሰቢያ ለማቆም ላሰባችሁ የከተማ አስተዳደሮች፣ ለአሠሪ ኮሚቴዎችና ለሥራው ገንዘብ ለምታዋጡ ነዋሪዎች፤

ጉዳዩ፦ የሥራው ቅደም ተከተል እንዳይገለበጥ ስለ መጠየቅ

ይህን የምንጽፍላችሁ ድንጋይ የምንቀርጽ፣ መሠረት የምናወጣና የስም መዝገብ የምናገላብጥ ባለሙያዎች ነን። የምንለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ድንጋይ ከመግዛታችሁ፣ ከሠሪ ጋር ከመዋዋላችሁና የምረቃ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት የስም ዝርዝሩን ጨርሱ። አብዛኛውን ጊዜ ሥራው የሚጀመረው ከጅራቱ ነው። ቀድሞ የምረቃው ቀን ይቆረጣል። ቀኑ ስለ ደረሰ ገበያ ላይ የተገኘው ድንጋይ ይገዛል። ድንጋዩ ስለ ተገዛ ደግሞ ስሙ በድንጋዩ ልክ ይጨመቃል። የተዘለለ ስም፣ የተሳሳተ ፊደልና ከሁለት ክረምት በኋላ የሚሰነጠቅ ጠርዝ በብዛት የሚመጡት ከዚህ ጥድፊያ ነው።

ገንዘብ ቢኖር ይህ አይደርስም የሚል ካለ ትልልቆቹን ይይ። ቤልጅየም ኢፕር ከተማ ያለው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መታሰቢያ፣ የሜኒን በር፣ እ.ኤ.አ. በ1927 ሲመረቅ አስከሬናቸው ያልተገኘ ከ54,000 በላይ ወታደሮች ስም ተቀርጾበት ነበር። ያን የሚያህል ሕንፃ ለስሞቹ ሁሉ አልበቃም። ከኦገስት 15 ቀን 1917 በኋላ የጠፉት የእንግሊዝ ወታደሮች፣ ወደ 35,000 የሚጠጉት፣ ሌላ ቦታ ታይን ኮት በተባለው መካነ መቃብር ግድግዳ ላይ ተጻፉ። ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ2022 የተመረቀው የኮሪያ ጦርነት የስም ግድግዳ ደግሞ ከ1,000 በላይ የአጻጻፍ ስሕተቶች እንዳሉበትና ሊገቡ ሲገባ የተዘለሉ ስሞች እንዳሉ ተመራማሪዎች ይፋ ያደረጉት ግድግዳው ቆሞ ካለቀ በኋላ ነው። የትንሽ ከተማ ዕድሏ ስሙን የሚያውቅ ሰው ገና በሕይወት መኖሩ ነው። ይህን ዕድል አታባክኑት።

የመጀመሪያው ስብሰባችሁ ስለ ሐውልቱ መልክ አይሁን፤ ማን ይጻፋል የሚለው ይቅደም። መታሰቢያው ለሞቱት ብቻ ነው ወይስ ለዘመቱት ሁሉ? ልዩነቱ የግድግዳውን መጠን ጨርሶ ይቀይረዋል። በኮሪያ ጦርነት ከዘመቱት 6,037 የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ ወታደሮች የሞቱት ከ120 ጥቂት ይበልጣሉ። ለሞቱት የሚበቃው ድንጋይ ለዘማቾቹ ሁሉ ይሁን ቢባል ሃምሳ እጥፍ ገደማ ማደግ አለበት ማለት ነው። ከዚያ ቀጥሎ እዚህ የተወለደ፣ እዚህ የኖረና ከዚህ የዘመተ እኩል ይታያሉ ወይ? ቆስሎ ተመልሶ ከዓመት በኋላ በቁስሉ የሞተ ከሞቱት ይቆጠራል? የት እንደ ወደቀ ያልታወቀስ? ስንቅ ያመላለሱ፣ ቁስለኛ ያነሡ፣ ምግብ ያበሰሉ ሴቶችስ? መልሱን እኛ አንሰጣችሁም፣ የእናንተ ነው። ግን በጽሑፍ አስፍራችሁ ፈርሙበት፤ አንድም ስም ከመሰብሰቡ በፊት። ስም ከገባ በኋላ የሚወጣ መስፈርት ሁሉ አንድን ሰው ለማስገባት ወይም ለማስወጣት የወጣ ይመስላል፤ አንዳንዴም ነው።

ለእያንዳንዱ ስም አንድ ቅጽ ክፈቱ። ከቅጹ ጋር ሁለት ማስረጃ ይያያዝ፤ የስንብት ወረቀት፣ የጡረታ ደብተር፣ የሜዳልያ ምስክር ወረቀት ወይም ከግንባር የተላከ ደብዳቤ ሊሆን ይችላል። ሰነድ ከሌለ አብረው የዘመቱ ሦስት ሰዎች በየግላቸው፣ አንዱ የሌላውን ሳይሰማ ይጠየቁ። ተሰብስበው ከተጠየቁ አንዱ የተናገረውን ሌሎቹ ይደግሙታል። በቅጹ ግርጌ ቤተሰቡ የስሙን አጻጻፍ በገዛ እጁ ጽፎ ይፈርም። ይህን ፊርማ እንደ ቀላል አትዩት፤ ቀራጩ ፊደል የሚጠቅሰው ከዚህ ወረቀት ብቻ ነው።

አጻጻፍን በተመለከተ የእኛ ፊደል የራሱ ጣጣ አለው። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ሲነበብ አንድ ነው፤ ዓለሙና አለሙ፣ ሥዩምና ስዩም፣ ፀሐይና ጸሐይም እንዲሁ። የሠራዊቱ ጸሐፊ በመሰለው ጽፏል፣ የጡረታ ጸሐፊው በሌላ፣ ቤተሰቡ በሦስተኛ። ስለዚህ በሦስት ሰነድ ሦስት ሰው የሚመስለው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። የተገላቢጦሹም አለ። በመዝገብ «ከበደ አበበ» ተብሎ አንዴ የተጻፈው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ስለሚችሉ በቅጹ ላይ የአያት ስም የግድ ነው። የምንመክረው በፊደል ተራ ስትደረድሩ በድምፅ እንድትደረድሩ፣ ስትቀርጹ ግን ቤተሰቡ በፈረመው እንድትቀርጹ ነው። ድርደራውን ለኮምፒውተር ብቻ ከተዋችሁት ሀ፣ ሐ እና ኀ ለእሱ ሦስት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፤ አንድ ስም የያዙት ኃይሉና ሐይሉ በተለያየ ሰሌዳ ላይ ይወድቃሉ፣ የአንዱ እናትም በሌላው ፊደል ፈልጋ ልጄን አጣሁ ብላ ትመለሳለች።

ቀንም እንደዚሁ ያሳስታል። አንዱ ሰነድ በዓ.ም.፣ ሌላው በእ.ኤ.አ. ይሆናል። የዘመኑ ዓይነት ያልተጻፈበት ዓመት ሲያጋጥማችሁ ገምታችሁ አትለውጡት። በሁለቱ መካከል እንደ ወሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ልዩነት ስላለ ሰውየው ጦርነቱ ሳይጀመር የሞተ ሆኖ ቁጭ ይላል። እርግጠኛ ያልሆናችሁበት ዓመት ከድንጋዩ ላይ ይቅር፤ ስም ብቻውን ይበቃል።

ዝርዝሩ ሲያልቅ በትልቅ ፊደል ታትሞ ሰው በሚበዛባቸው ቦታዎች፣ በገበያውና በየጸሎት ቤቱ ደጅ፣ ቢያንስ 60 ቀን ይለጠፍ። ከጎኑ እርማት የሚጻፍበት መዝገብ ይኑር፤ መዝገቡን የሚይዝ ሰውም ይሰየም። በዚህ ጊዜ የሚመጣ ቅሬታ ዋጋው አንድ ወረቀት ነው። ከተቀረጸ በኋላ የመጣ ግን ሰሌዳ ያስለውጣል።

ማዕረግ ይጻፍ አይጻፍ በሚለው ላይ ክርክር መነሣቱ አይቀርም። እኛ ባይጻፍ ባዮች ነን። የብሪቲሽ ሙዚየም ኃላፊ የነበሩት ፍሬድሪክ ኬንዮን እ.ኤ.አ. በ1918 ለእንግሊዝ የጦር መቃብር ኮሚሽን ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት ጄኔራሉም ተራ ወታደሩም 81 በ38 ሴንቲሜትር የሆነ አንድ ዓይነት ድንጋይ ነው የቆመላቸው፤ በእነዚያ መቃብሮች መካከል የሚሄድ ሰው ለምን እንደ ሆነ ሳይነገረው ይገባዋል። ስለ ድርደራ ደግሞ ዋሽንግተን ያለው የቬትናም ዘማቾች መታሰቢያ ስሞቹን በፊደል ተራ ሳይሆን በወደቁበት ቀን ነው ያስቀመጠው። በፊደል ቢሆን ከ600 በላይ ስሚዝ የሚባሉ ሰዎች እንደ ስልክ ማውጫ ይደረደሩ ነበር። ለዚህ የተከፈለው ዋጋ ስም የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ማውጫ መጽሐፍ ማገላበጡ ነው። ሦስት መቶ ስም ለማይሞላ ከተማ የፊደል ተራ ይሻላል። ከዚያው መታሰቢያ መዋስ የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ሞቱ የተረጋገጠ ሰው ስም አጠገብ የአልማዝ ቅርጽ፣ የደረሰበት ያልታወቀው አጠገብ መስቀል ተቀርጿል፤ አስከሬኑ ሲገኝ መስቀሉ በአልማዝ ይሸፈናል። ምልክቱ የሚሸፈንበት ቦታ አስቀድሞ ታስቧል ማለት ነው። በዚያም ግድግዳ ቢሆን በሕይወት ያሉ ሰዎች ስም ተቀርጾ ተገኝቷል።

አሁን ልኬቱ። አንድ ሰሌዳ ስፋቱ 90፣ ቁመቱ 150 ሴንቲሜትር ይሁን እንበል። ከግራና ቀኝ 7.5፣ ከላይና ከታች 10 ሴንቲሜትር ስትተዉ ለጽሑፍ የሚቀረው 75 በ130 ነው። 25 ሚሊሜትር ቁመት ያለው ፊደል በ45 ሚሊሜትር ልዩነት ሲደረደር 28 መስመር ይይዛል። የዓምዱን ስፋት የሚወስነው ረጅሙ ስም ነው። «ገብረ እግዚአብሔር ወልደ ሚካኤል» ከነክፍተቱ 20 ቦታ ይፈጃል፤ ለአንዱ ቦታ 18 ሚሊሜትር ስንይዝለት 36 ሴንቲሜትር ይሆናል። ሁለት ዓምድና 3 ሴንቲሜትር መለያ በትክክል 75። ስለዚህ በሰሌዳ 56 ስም ይገባል። የተረጋገጡ 220 ስሞች ቢኖራችሁ ለወደፊት 20 በመቶ ጨምሩ፣ 264 ይሆናል፤ ለ56 ሲካፈል አምስት ሰሌዳ። ወደ 60 የሚሆን ባዶ ቦታ ይተርፋችኋል ማለት ነው፣ አትሙሉት። በኋላ የሚመጡት ስሞች በፊደል ተራ መሐል ስለማይገቡ የመጨረሻው ሰሌዳ ለተጨማሪዎች ይቆይ። ረጅም ስም አልገባ ሲል ያንን ስም ብቻ ለይቶ ማጥበብ የተለመደ ነውር ነው፤ ከሩቅ የዚያ ሰው ስም ከሌሎቹ ያነሰ ይመስላል። ሰሌዳው 45 ሴንቲሜትር ከፍታ ባለው ወለል ላይ ሲቆም ጽሑፉ ከመሬት ከ55 እስከ 185 ሴንቲሜትር ባለው መካከል ይውላል። ከዚያ ዝቅ ካለ የዝናብ ፍንጣሪ ጭቃ ይለጥፍበታል፣ ከፍ ካለ ሽማግሌ አንጋጦ ያነበዋል።

ድንጋይ ስትመርጡ ሻጩ በሚሰጠው ስም አትመኑ። ግራናይት የተባለው ሁሉ ግራናይት አይደለም። ከናሙናው ጀርባ በሚስማር ፍቃችሁ ዱቄቱ ላይ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ እብነ በረድ ወይም የኖራ ድንጋይ ነው፤ ለቤት ውስጥ ያምራል፣ ደጅ ግን ዝናቡ ቀስ በቀስ የፊደሉን ጠርዝ ያሟሟዋል። ሁለተኛ፣ ነጭ ጨርቅ በአሴቶን (ቀለም በሚያስለቅቀው ፈሳሽ) አርሳችሁ ጥቁሩን ፊት እሹት። ጨርቁ ከጠቆረ ድንጋዩ ቀለም ወይም ዘይት ጠጥቷል፣ በፀሐይ ግራጫ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ማንኪያ ውኃ አፍስሱበትና አሥር ደቂቃ ጠብቁ። የጠቆረ እርጥብ ክብ ከተወ ውኃ የሚመጥ ነው። የሚያብለጨልጭ ቢጫ ነጠብጣብ ካያችሁ ደግሞ ተዉት፤ ብረት አዘል ማዕድን ሊሆን ይችላል፣ ከጊዜ በኋላ ዝገቱ በስሞቹ ላይ ይወርዳል። ሰሌዳዎቹ ሁሉ ከአንድ ብሎክ ይቆረጡ፤ አንድ ሳይቀረጽ የሚቀመጥ መለዋወጫ ሰሌዳም አብራችሁ እዘዙ። ከአምስት ዓመት በኋላ ተመሳሳይ ቀለም አታገኙም።

ከአንድ ግዙፍ ድንጋይ ይልቅ ብዙ ትንንሽ ሰሌዳ የሚሻለውም ለዚህ ነው። የተሳሳተ ፊደል ከድንጋይ ላይ አይጠፋም። በማጣበቂያ ተሞልቶ እንደገና ሲቀረጽ ጠባሳው ፀሐይ ጋደል ስትል ይታያል። ፊቱን ሙሉ ለሙሉ ጠርቦ እንደገና መቅረጽ ይቻላል፤ ያ ግን 56ቱንም ስም እንደገና መጻፍ ነው።

በጨረር የሚደረግ ጽሑፍ (ሌዘር የሚሉት) በጥቁር ድንጋይ ላይ የሚያምረው ፊቱን ስለሚያነጣው እንጂ ስለሚቆፍር አይደለም። ለፎቶግራፍ ይሁን፣ ለስም አይሁን። ስም በመሮ ወይም በአሸዋ ርጭት ይቀረጽ፤ ጥልቀቱ ቢያንስ 2፣ ቢቻል 3 ሚሊሜትር። ርክክብ ላይ የካሊፐሩን (የሚሊሜትር መለኪያ መሣሪያውን) ጅራት ፊደሉ ውስጥ አስገብታችሁ ለኩ፤ ከእያንዳንዱ ሰሌዳ አሥር ቦታ። ጥልቀት ካለው ቀለሙ ቢለቅም ጥላው ያስነብበዋል።

የአሸዋ ርጭት የሚሠራው ፊደሉ ተቆርጦ በወጣለት የላስቲክ ሽፋን ነው። በእኛ ፊደል ችግሩ እዚህ ይመጣል። የወ፣ የዐ፣ የመ እና የቀ ሆድ፣ ይልቁንም የሌ፣ የሴ፣ የቤ ቀለበት ውስጥ የምትቀረው ላስቲክ ምስር ታክላለች። ሙጫው ከደከመ ርጭቱ ይነቅላታል፤ ቀለበቱም ቀዳዳ የሌለው ጉድጓድ ይሆንና ኃምሱ ፊደል የቆሸሸ ሣልስ ይመስላል። ቡ እና ቢ ደግሞ የሚለያዩት ቅጥያዋ ወገብ ላይ ወይም እግር ላይ በመሆኗ ብቻ ነው፣ ፊደሉ ካነሰ ልዩነቱ ይጠፋል። 25 ሚሊሜትር ያልነው ያለ ነገር አይደለም። ቀጫጭን ጫፍ ያለው የጌጥ ፊደል አትምረጡ፤ ወፈር ያለ፣ ቀለበቱ ሰፋ ያለ ይሁን። ከሙሉው ሥራ በፊት «ቤ ሌ ዌ ቀ ዐ ጨ ኟ ቡ ቢ» የሚል ቁራጭ ድንጋይ አስቀርጹና በአራት ሜትር ርቀት አንብቡት።

ፋይሉን ስትልኩ ሌላ ወጥመድ አለ። በድሮዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ሰነድ የቀራጩ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ፊደሉ ይዘበራረቃል፤ ዓረፍተ ነገር ቢሆን ያስታውቃል፣ ስም ሲሆን ግን አንድ ፊደል ብቻ ተለውጦ ማንም ሳያይ ያልፋል። በዩኒኮድ (በየኮምፒውተሩ ፊደሉን ሳይለውጥ በሚያስነብበው አጻጻፍ) ጻፉ፣ ለመቁረጥ ሲላክም ፊደሉ ወደ መስመር ሥዕል (ከርቭ) ይለወጥ። ከዚያ በትክክለኛ መጠኑ በወረቀት ታትሞ ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ሁለት ሰው ይቁም፤ አንዱ ቤተሰቡ ከፈረመው ቅጽ ፊደል በፊደል ይጥራ፣ ሌላው በወረቀቱ ላይ በጣቱ ይከተል። «ኃይሉ» ተብሎ አይነበብም፤ «ብዙኃኑ ኃ፣ ይ፣ ሉ» ተብሎ ነው የሚጠራው። ከመጨረሻው ስም ወደ መጀመሪያው ሂዱ፤ ዓይን የለመደውን ቅደም ተከተል ሲያጣ ይነቃል። ላስቲኩ ተለጥፎ ርጭት ሳይጀመር ይኸው ይደገም።

መሠረቱ ላይ ባጭሩ። አፈሩ ዋልካ ከሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ሐውልቱንም ይዞት ይነሣል ይወርዳል። አውጥታችሁ በተመረጠ ገረጋንቲ ሙሉት፣ በየ20 ሴንቲሜትሩ እየተጠቀጠቀ። የኮንክሪቱ ውፍረት ከ25 ሴንቲሜትር አይነስ፤ ቢያንስ ሰባት ቀን ውኃ ይጠጣ፣ ሰሌዳ የሚሸከመው ከ28 ቀን በኋላ ነው። የምረቃ ቀን የቸኮለበት ኮሚቴ ቀድሞ የሚሰርቀው ከዚህ 28 ቀን ነው። ከላይ የጠቀስነው ሰሌዳ 5 ሴንቲሜትር ቢወፍር ክብደቱ 182 ኪሎ ይደርሳል፤ በሰው ትከሻ የሚነሣ አይደለም፣ ሲነሣም የሚሰበረው ጥጉ ነው።

ሰሌዳው ከኋላው ግድግዳ ጋር በሲሚንቶ አይለጠፍ። በሲሚንቶው ውስጥ ያለው ጨው በእርጥበት ተሟሙቶ በመገጣጠሚያው ይወጣና ነጭ ጢም ያበቅልበታል። 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ክፍተት ትታችሁ በማይዝግ ብረት (316 የሚባለው ደረጃ) ካስማ ያዙት፣ ከታች ውኃ መውጫ ቀዳዳ ይኑር። ገንዘብ ልቆጥብ ብሎ ተራ ፌሮ የሚያስገባ ሠሪ ያጋጥማችኋል። ፌሮ ሲዝግ ያብጣል፤ ያበጠ ብረት ግራናይትን ከውስጥ ይፈነቅላል፣ ስንጥቁም ሁልጊዜ ከካስማው ቀዳዳ ነው የሚጀምረው። ካስማዎቹ ሳይሸፈኑ ማግኔት አስጠጉባቸው። 316 ማግኔት እምብዛም አይስብም፣ ፌሮ ግን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል።

ተጣብቆ የሚቆም የነሐስ ፊደልና ሰሌዳ ጥበቃ ለሌለበት ቦታ አንመክርም፤ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ይሸጣል፣ ባይሰረቅም ከሥሩ ያለውን ድንጋይ አረንጓዴ ያደርገዋል። መወጣጫው ለተሽከርካሪ ወንበር ይሁን፤ ለ1 ከፍታ 12 ርዝመት፣ ስፋቱ ቢያንስ 1.2 ሜትር። የምታስታውሷቸው ሰዎች ብዙዎቹ በክራንች ነው የሚመጡት። ወለሉ በየሜትሩ 1 ወይም 2 ሴንቲሜትር ከሰሌዳው እየራቀ ያዘቅዝቅ። ዋርካና ባሕር ዛፍ አጠገቡ አትትከሉ።

የመረቀው ባለሥልጣን ስም ያለበት ሰሌዳ የግድ ከሆነ በሌላ ድንጋይ፣ በሌላ ቦታ፣ ከዘማቾቹ ፊደል ባነሰ ፊደል ይሁን። ሪባን የቆረጠው ሰው ስም ከሞተው ሰው ስም ሦስት እጥፍ ገዝፎ ማየት በየቦታው ለምደነዋል፤ ባንለምደው ይሻል ነበር።

ለማጠብ ንጹሕ ውኃ፣ ለስላሳ የናይለን ብሩሽና ጥቂት ለዘብ ያለ ሳሙና ይበቃሉ። አሲድ፣ በረኪና፣ የሽቦ ብሩሽና በኃይል የሚረጭ የውኃ መሣሪያ አይንኩት፤ ለበዓል ዋዜማ የተደረገ የአንድ ቀን ጽዳት የአሥር ዓመት ዝናብ ያላደረሰውን ጉዳት ያደርሳል። ከሠሪው ክፍያ ላይ የመጨረሻውን ክፍል አንድ ሙሉ ክረምት እስኪያልፍበት ያዙ። ዝናቡ ካባራ በኋላ ሦስት ነገር እዩ፤ ነጭ ጨው፣ የዝገት መስመር፣ በሰሌዳዎቹ መካከል የተለወጠ ክፍተት። ክፍተቱን በተረከባችሁበት ቀን በሚሊሜትር ለክታችሁ ካልጻፋችሁት መለወጡን አታውቁም።

በመጨረሻ፣ የተፈረሙት ቅጾች፣ የፊደሉ ፋይል፣ የድንጋዩ ምንጭና የሰሌዳዎቹ ልኬት በሦስት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ ከከተማው ውጭ። መለዋወጫው ሰሌዳ የት እንዳለም እዚያው ይጻፍ። ሰሌዳው ቆሞ ይቀመጥ እንጂ አይጋደም፤ ከተጋደመ ማንም የማያውቀው የመጋዘን ጠረጴዛ ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የድንጋይ ቀራጮች፣ የግንባታና የማኅደር ባለሙያዎች